እናቴን ከመሣሪያው ፍርሃት ላላቀቁልን የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ

እናቴ በስትሮክ ምክንያት ቀኝ እጇ ከደከመ ወዲህ ጡንቻን በኤሌክትሪክ የማነቃቃት ሕክምና ስትከታተል ቆይታለች። አሁን የሚረዷትን ባለሙያ በአደባባይ ሳላመሰግን ብቀር ኅሊናዬ አይፈቅድልኝም፤ ሌላ ቤተሰብም እኛ ያየነውን እንዳያይ እፈልጋለሁ።

ቀደም ሲል በሄድንባቸው ቦታዎች የደረሰብን ነገር እስካሁን ያንገበግበኛል። ኤሌክትሪኩን ወደ ቆዳ የሚያስገባውን ተለጣፊ ፓድ ለጥፈው፣ መሣሪያውን ከፍተው፣ «ቻይው፣ ካላመመሽ አይሠራም» ብለው ከክፍሉ ይወጡ ነበር። የልብ ምት የሚያስተካክል ፔስሜከር ተተክሎላት እንደሆነ እንኳ የጠየቀ አልነበረም። ቆዳዋ ቀልቶ፣ እንባዋ እየወረደ ስንመለስ ከርመን፣ በመጨረሻ መሣሪያው ሲከፈት ገና ድምፁን ስትሰማ ክንዷን የምትሸሽግ ሆነች። በሽተኛን እንዲህ እያስጨነቁ ማከም ምን የሚሉት ሕክምና ነው?

እኚህ ባለሙያ ግን አስቀድመው ስለ ልቧ ጠየቁ። ከዚያ ዓይኗን አስጨፍነው ክንዷን በጥጥ እየነኩ ቆዳዋ ስሜት እንዳለው አረጋገጡ፤ ስሜት የሌለው ቆዳ ቢቃጠል ባለቤቱ አያውቅምና። ቀጥሎም ፓዱን በራሳቸው ክንድ ላይ ለጥፈው ከረንቱን ቀስ በቀስ ሲጨምሩ እጃቸው ከአንጓው ላይ ብድግ ሲል አሳዩዋት፤ በእሷ ተራም ማጥፊያውን በጤነኛ እጇ አስያዟት። ፊቷ ሲፈታ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ይህን ደግነት መቼም አልረሳውም።

በሕክምናው መሀል «እዚህ ጋ ያቃጥለኛል» ስትል ቻይው አላሏትም። ወዲያው አጥፍተው ፓዱን ሲያዩት ጠርዙ ደርቆ ከቆዳዋ ለቅቋል። በሜዳ ላይ ረግቶ የሚፈስ ወንዝ ጠባብ ገደል ውስጥ ሲገባ እንደሚበረታ ሁሉ፣ በፓዱ ሙሉ ስፋት ተከፋፍሎ መግባት የነበረበት ከረንት በቀረችው ትንሽ ቦታ ሲጨናነቅ፣ መጠኑ ሳይጨምር እንደሚያቃጥል አስረዱን። ደረቅ ቆዳ ከረንትን አጥብቆ ስለሚቋቋምም ክንዷን በእርጥብ ጨርቅ ጠርገው አዲስ ፓድ ለጠፉላት። ማቃጠሉ ቀረ። ስንት ጊዜ በከንቱ ተሠቃየች!

እናቴ ዋና ስጋቷ እንደ ሶኬት ይይዘኛል የሚል ነበር። እሳቸውም መሣሪያው የሚልከው በሚሊአምፒር የሚለካ ጥቂት ከረንት እንደሆነ፣ እሱም ሳያቋርጥ የሚፈስ ሳይሆን እያንዳንዱ የከረንት ምት ከሰከንድ አንድ ሺህኛ በታች የሚቆይ መሆኑን፣ ምቱም ነርቩን ቀስቅሶ ጡንቻውን በነርቩ በኩል እንደሚያዝ በትዕግሥት ነገሯት። በሰከንድ ጥቂት ምት ብቻ ሲላክ ጡንቻው እየተነጣጠለ ይነዝራል፤ ወደ 35 ገደማ ሲደርስ ግን ምቶቹ ተያይዘው እጇን በእርጋታ ያነሡላታል። ይህን ዓይናችን እያየ አሳዩን።

እንዲህ ያለ ሕክምና የታዘዘለት ሰው ካለ፣ አደራ፣ ልቡንና የቆዳውን ስሜት ሳይጠይቅ መሣሪያ ለሚከፍት ሰው ክንዱን አይስጥ፤ ሲያቃጥለውም ዝም አይበል። የእኚህን ባለሙያ አድራሻ ለሚፈልግ በውስጥ መስመር እልካለሁ፤ ሳትጠራጠሩ ሂዱ፣ ወላጆቻችሁንም ይዛችሁ ሂዱ። እናቴ ዛሬ የቀጠሮዋን ቀን ራሷ ታስታውሰኛለች። እጅዎ ይባረክ፤ ዕድሜና ጤና ይስጥልን።