ዌቭሜከሩ መንፈቅ ሞላው፤ ዓሦቹ የሚሉት ይህን ነው

ዱባይ አፓርታማዬ ውስጥ 120 ሊትር የጨው ውሃ አኳሪየም አለኝ። ለእሱ የገዛሁት ዌቭሜከር መንፈቅ አለፈው። ውሃውን እየገፋ ሞገድ የሚፈጥር ትንሽ ፓምፕ ነው። ድምፁ አይረብሽም፤ ማግኔቱም መስታወቱን ጥብቅ አድርጎ ይይዛል። ይሄ ካርቶኑም ላይ ተጽፏል። ፓምፑን በደንብ የገመገሙልኝ ግን ዓሦቹ ናቸው።

አዲስ ሲመጣ ጉልበቱ መጨረሻው ላይ ነበር። ሁለቱ ክላውንፊሾቼ ከኋላ ጥግ ተለጥፈው ዋሉ። ምግብ ስጥል እንኳ ብቅ ብለው ይመለሳሉ። ቀለማቸው ደህና፣ ክንፋቸው ደህና። ክላውንፊሽ ጎበዝ ዋናተኛ አይደለም፤ ባሕር ውስጥም ከሚጠለልበት አኔሞኒ (አበባ ከሚመስል የባሕር እንስሳ) ብዙ አይርቅም። ጉልበቱን 40 በመቶ ላይ አደረግኩት፣ አፉንም ወደ መስታወቱ አዞርኩት። በማግስቱ መሀል ገንዳ ሲንሸራሸሩ አገኘኋቸው። ማታ ማታ አሁንም እዚያው ጥግ ይተኛሉ። እሱ ልማዳቸው ነው፣ ተዉአቸው።

ትንሹ ደግሞ ትልቋ ስትጠጋው ጎኑን ጋደም አድርጎ ይንዘፈዘፋል። ቤት የመጣ እንግዳ ሁሉ «ኧረ ይሄ ዓሣ ሊሞት ነው!» ይላል። አይሞትም። «እሺ እመቤቴ» እያላት ነው። ክላውንፊሾች መጀመሪያ ወንድ ሆነው ያድጋሉ፤ ከጥንዱ ትልቁ ሴት ይሆንና ቤቱን ይገዛል። ለዚህ ተብሎ ፓምፕ አይነካም።

ቅሬታዬ የሌሊት ሞዱ ላይ ነው። መብራት ሲጠፋ ጉልበቱን በራሱ ይቀንሳል፤ ዓሦቹ እንዲያርፉ ነው አሉ። ሐምሌ ላይ የገንዳው ውሃ 28 ዲግሪ ሲደርስ፣ ጠዋት ዓሦቹን ከላይ ተሰብስበው ቶሎ ቶሎ ሲተነፍሱ አየኋቸው። ከዓሣ ቆሻሻ የሚመጣውን መርዝ፣ አሞኒያን ለካሁ፣ ዜሮ። ጉዳዩ ኦክስጅን ነበር። ሙቅ ውሃ ኦክስጅን የመያዝ አቅሙ ያንሳል፤ ሌሊት ደግሞ አልጌውም ራሱ ኦክስጅን ይወስዳል እንጂ አይሰጥም። አየር ወደ ውሃው የሚገባው በገጹ በኩል ስለሆነ፣ ገጹ ካልተንቀሳቀሰ ይታፈናሉ። የሌሊት ሞዱን አጠፋሁት፣ ፓምፑንም ገጹን እንዲያንቀጠቅጥ ወደ ላይ ቀና አደረግኩት። ከዚያ ወዲህ ያ ነገር አልተደገመም።

ዓሣው ድንጋይ ላይ ከታከከ፣ ገላው ላይም የጨው ፍሬ የመሰለ ነጭ ነጥብ ካወጣ ግን ጥገኛ ተውሳክ ጠርጥሩ። ሌላ ገንዳ ውስጥ ለይቶ ማከም ነው። የመዳብ መድኃኒት ዋናው ገንዳ ውስጥ እንዳትጨምሩ፤ ሽሪምፑን ይፈጅላችኋል።

የፓምፑ ጽዳት ቀላል ነው። ካልሲየም ሲጋገርበት መንገጫገጭ ይጀምራል፤ ፈታቶ ውሃ የገባበት አቸቶ ውስጥ መዘፍዘፍ ይበቃዋል። ላስቲኮቹ ግን ቶሎ ደርቀዋል፣ መለዋወጫም እንደ ልብ አይገኝም።

ድጋሚ እገዛዋለሁ። 60 ሊትር ላለው ሰው ግን አልመክርም፤ ዝቅተኛው ጉልበት ራሱ አሸዋውን ያስነሳዋል።