ለቤታ ዓሣ የሚስማማው የቱ ነው? ቀንድ አውጣ፣ ሽሪምፕ፣ ኮሪዶራስና ቴትራ ሲነጻጸሩ

ቤታ ብቻውን ቢኖር አይጎዳም። በታይላንድና በጎረቤቶቿ ጥልቀት በሌለው ረግረግና የሩዝ ማሳ ውስጥ የሚኖር ዓሣ ነው፤ ወንዱ የያዘውን ቦታ ሌላ ወንድ እንዳይደፍርበት ይጠብቃል። ስለዚህ አብሮት የሚገባ እንስሳ ሁለት ፈተና ይጠብቀዋል። ቤታው ተቀናቃኝ መስሎት እንዳይነሳበት ያስፈልጋል፤ እሱም በበኩሉ የቤታውን ረጅም ክንፍ የማይነጭ መሆን አለበት። ረጅም ጅራትና ደማቅ ቀለም ያለው፣ በዝግታ የሚዋኝ ዓሣ በመጀመሪያው ይወድቃል፤ ፈጣኑና ነካሹ በሁለተኛው።

ዓይነቱን ከመምረጥዎ በፊት ግን የአኳሪየሙን (የዓሣ ማቆያውን መስታወት) ሊትር ይቁጠሩ። 20 ሊትር ለቤታው ለራሱ የሚበቃ ነው፤ ቢበዛ አንድ ኔራይት ቀንድ አውጣ ይጨመርበታል። 40 ሊትር ካለዎት ሽሪምፕ ወይም ጥቃቅን ቴትራ መሞከር ይቻላል። ከዚያ የሚተልቁ በመንጋ የሚኖሩ ዓሦች ከ60 ሊትር በታች አይገቡም። ሊትሩ እኩል ከሆነ ቁመቱ የረዘመውን ትተው ወደ ጎን የሰፋውን አኳሪየም ይግዙ፤ የሚባረር ዓሣ የሚያመልጠው ወደ ጎን ነውና።

| እንስሳው | ሲያድግ | ቢያንስ ስንት | ቢያንስ ሊትር | ሙቀት |
|---|---|---|---|---|
| ኔራይት ቀንድ አውጣ | 2.5 ሴ.ሜ. | 1 | 20 | 22–27°ሴ |
| አማኖ ሽሪምፕ | 5 ሴ.ሜ. | 3 | 40 | 20–27°ሴ |
| ኤምበር ቴትራ | 2 ሴ.ሜ. | 8 | 40 | 23–28°ሴ |
| ሃርለኩዊን ራስቦራ | 4.5 ሴ.ሜ. | 8 | 60 | 23–27°ሴ |
| ፒግሚ ኮሪዶራስ | 2.5 ሴ.ሜ. | 8 | 60 | 22–26°ሴ |
| ኩሊ ሎች | 8–10 ሴ.ሜ. | 5 | 75 | 24–28°ሴ |

ቤታው የሚፈልገው ከ25 እስከ 27°ሴ ስለሆነ ሂተሩን (የውሃ ማሞቂያውን) 26 ላይ ማድረግ ለሁሉም ያስማማል።

ቀንድ አውጣ

ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሞክር ሰው ምርጫችን ኔራይት ነው። መስታወቱ ላይ የሚበቅለውን አረንጓዴ አልጌ ጠርጎ ይበላል፤ ቤታውም ቢቆነጥረው ቅርፊቱ ውስጥ ገብቶ ይከደናል። በጨዋማ ባልሆነ ውሃ ውስጥ እንቁላሉ ስለማይፈለፈል ቁጥሩ አይበዛብዎትም። ችግሩ ይኸው እንቁላል ነው፤ ሰሊጥ የሚያህል ነጭ ጠብታ ሆኖ እንጨትና ድንጋይ ላይ ይለጠፋል፣ በቀላሉም አይለቅም። ውሃው አሲዳማ ከሆነ ቅርፊቱ እየነጣ ይሸረሸራል፤ ፒኤቹ (የአሲድነቱ መለኪያ) ከ7 እንዳይወርድ ይከታተሉ። ወደ አኳሪየሙ ሲያስገቡት በጀርባው አይጣሉት፤ ተገልብጦ ከወደቀ መልሶ መቆም ሊያቅተውና ሊሞት ይችላል።

ሚስትሪ ቀንድ አውጣ በመልኩ ይበልጣል፤ ነገር ግን ረጃጅም አንቴናዎቹ ሲወዛወዙ ለቤታው ትል ይመስሉታልና እየነከሰ ያሳጥራቸዋል። እስከ 5 ሴ.ሜ. ስለሚያድግ ቆሻሻውም ብዙ ነው። በ20 ሊትር አይያዝም።

ሽሪምፕ

እዚህ ላይ የቤታው ዝርያ ይወስናል። አጭር ክንፍ ያለው ፕላካት ፈጣን አዳኝ ነው፤ ክንፉ የከበደው ሃፍሙን ግን ሽሪምፕን እምብዛም አይደርስበትም። ፕላካት ያለው ሰው ቼሪ ሽሪምፕ ቢገዛ ውድ ምግብ ገዛለት ማለት ነው። ቼሪ ከ3 ሴ.ሜ. አያልፍም፤ ትልልቆቹ ቢተርፉ እንኳ ጫጩቶቹን ቤታው ይበላቸዋል። አማኖ እስከ 5 ሴ.ሜ. ስለሚደርስ ለቤታ አፍ ይተልቃል፤ ሲገዙ ግን 3 ሴ.ሜ. ያለፈውን ይምረጡ።

የትኛውንም ቢገዙ ጃቫ ሞስ የተባለ ጭፍግ ያለ የውሃ ተክል ያስፈልጋል። ሽሪምፕ ቅርፊቱን ሲቀይር ገላው ለስላሳ ሆኖ ይሰነብታል፤ ያን ጊዜ መደበቂያ ካጣ ቤታው ይጨርሰዋል። ባዶውን ቅርፊት አይተው ሞተ ብለው አይደንግጡ። መዳብ ያለበት የዓሣ መድኃኒት ሽሪምፕንም ቀንድ አውጣንም ይገድላል፤ ቤታው ሲታመም ወደ ሌላ ዕቃ አውጥተው ያክሙት።

ታች የሚኖሩት፦ ኮሪዶራስና ኩሊ ሎች

ቤታ የሚውለው ከላይ፣ ኮሪዶራስ የተባለው ትንሽ ዓሣ ከታች ነው። ጥሩ ጎረቤት የሚሆኑትም ለዚህ ነው። ሆኖም ኮሪዶራስ ተብሎ የሚሸጠው ሁሉ አንድ አይደለም። ፓንዳ ኮሪዶራስ ቀዝቀዝ ያለ ውሃ፣ ከ25°ሴ በታች ይወዳል፤ በቤታ ሙቀት ውስጥ ዕድሜው ያጥራል። ስተርባይ ሙቀቱን በደንብ ይችላል፤ እሱ ግን ከ6 ሴ.ሜ. በላይ ስለሚያድግ 80 ሊትር ይፈልጋል። ፒግሚ ለ60 ሊትር ይበቃል፤ ታች ብቻ ሳይሆን መሐል ላይም በመንጋ ይዋኛል።

ለሁሉም ወለሉ ደቃቅ አሸዋ ይሁን። ሻካራ ጠጠር የአፋቸውን ሪዝ ይሸርፈዋል፤ ቁስሉም ይመረቅዛል። ሁለት ወይም ሦስት ብቻ መግዛት አያዋጣም፣ ፈርተው ጥግ ይዘው ይውላሉ። ዋናው ችግር ምግቡ ላይ ነው። ወደ ታች የሚሰምጠውን ኪኒን መሰል ምግብ ቤታው ተከትሎ ይውጠውና ሆዱ ይነፋል፤ እነሱ ደግሞ ይራባሉ። ቤታውን አስቀድመው ይመግቡ፣ መብራቱን ያጥፉ፣ ከግማሽ ሰዓት በኋላ የታቹን ይጨምሩ።

እንደ ትል የቀጠነው ዓሣ ኩሊ ሎች ለቤታ ችግር አይፈጥርም፤ ቀን ተደብቆ ስለሚውል ግን ማየት ለሚወድ ሰው አንመክረውም።

መሐል ላይ የሚዋኙት

ኤምበር ቴትራ ትንሽና ጨዋ ነው። ሃርለኩዊን ራስቦራ ፈጣን፣ ጠንካራና አጭር ክንፍ ያለው በመሆኑ ቤታው ቢያባርረውም አይደርስበትም፤ 60 ሊትር ላለው ሰው ከሁሉ አስቀድመን የምንጠራው እሱን ነው። ኒዮን ቴትራ በብዛት ይሸጣል፤ ቁጥሩ ሲያንስ ግን ክንፍ መንጨት ይጀምራል፣ ሙቀቱም ትንሽ ይበዛበታል። ካልቀረ ከ10 አያሳንሱት።

የማይገዙት

ወንድ ገፒ በጅራቱ ምክንያት ቤታ መስሎ ይታያል፤ ይቀዳደዳል። ጎራሚ የቤታ የቅርብ ዘመድ ነውና ይጣላሉ። ታይገር ባርብና ሰርፔ ቴትራ የቤታውን ክንፍ ይጨርሱታል። ጎልድፊሽ ቀዝቃዛ ውሃ ይፈልጋል፣ ቆሻሻውም ከባድ ነው። ሱቅ ውስጥ ጣት የሚያህለው ተራ ፕሌኮ ከ30 ሴ.ሜ. በላይ ያድጋል።

ከፍታ፣ ቅዝቃዜና የመብራት መጥፋት

አዲስ አበባ ከ2300 ሜትር በላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ዝቅ ስለሚል ውሃው የሚይዘው ኦክስጅን ከባሕር ወለል ጋር ሲነጻጸር በሩብ ያህል ያንሳል። ቤታው ከውሃው በላይ አፉን አውጥቶ አየር ስለሚስብ ምንም ላይመስለው ይችላል፤ ራስቦራና ሽሪምፕ ግን እንዲህ ማድረግ አይችሉም። ቤታው ደህና ስለሆነ ብቻ ውሃው ደህና ነው አይባልም። በአየር ፓምፕ የሚሠራ የስፖንጅ ፊልተር (የውሃ ማጣሪያ) ሁለቱንም ያስታርቃል፦ ለቤታው ክንፍ የማይከብድ ቀስ ያለ ፍሰት፣ ለጓደኞቹ ኦክስጅን። መብራት ለሚጠፋበት ቤት በባትሪ የሚሠራ ፓምፕ ይጨምሩ። የደጋ ሌሊት ውሃውን ከ20°ሴ በታች ሊያወርደው ስለሚችል ሂተር የግድ ነው፤ መብራት ሲጠፋ አኳሪየሙን በብርድ ልብስ ሸፍነው፣ ላዩን ለአየር ክፍት ይተዉት።

የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ለ24 ሰዓት ክፍት ሆኖ ቢቀመጥ ይለቃል። በአሜሪካ ብዙ ከተሞች የሚጠቀሙት ክሎራሚን ግን በማስቀመጥ አይለቅም፤ እዚያ ያላችሁ የክሎራሚን ማጥፊያ ፈሳሽ ተጠቀሙ።

አገባቡ

ፊልተሩ ውስጥ ጠቃሚው ባክቴሪያ እስኪያድግ ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል። ከዓሣው ቆሻሻ የሚመጡት መርዞች፣ አሞኒያና ናይትራይት፣ ዜሮ ካልሆኑ ምንም አይግዙ። ሽሪምፕ ከሆነ ሁለት ሦስት ወር የቆየ አኳሪየም ይፈልጋል። አዲስ ገቢዎችን ለሁለት ሳምንት ለብቻ ያቆዩ፣ ከዚያ መጀመሪያ እነሱን ያስገቡ፤ ቤታው መጨረሻ ይግባ። አስቀድሞ ያለ ቤታ ከሆነ አውጥተው በሌላ ዕቃ ያቆዩትና ድንጋዩንና ተክሉን አቀያይረው ይመልሱት፤ ያኔ የለመደው ግዛት ስለማይኖር ይረጋጋል።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሰዓታት አጠገቡ ይሁኑ። ስንጥቡን ነፍቶ ማስፈራራትና አንዴ ሁለቴ ማባረር ያለ ነው። ያለማቋረጥ ማሳደድ፣ የተቀደደ ክንፍ፣ ምግብ ሲመጣ እንኳ ከጥግ የማይወጣ ዓሣ ካዩ ግን እስከ ነገ አይጠብቁ፤ በዚያው ቀን ይለዩአቸው። ስለዚህ ጓደኛውን ሊገዙ ሲወጡ ሂተርና ትንሽ ስፖንጅ ፊልተር ያለው የ20 ሊትር መጠባበቂያ አስቀድሞ ቤት ይኑርዎት፤ አንዳንድ ቤታ ከቀንድ አውጣ ጋር እንኳ አይኖርም።