የ2,000 ብሩ «አልትራ» ወይስ ቀጭኑ ባንድ? ስማርት ሰዓት ከመግዛታችሁ በፊት

«አልትራ በ2,000 ብር አግኝቻለሁ፣ ልግዛው?» ጥያቄው ሁልጊዜ ከቴሌግራም ሱቅ ፎቶ ጋር ነው የሚመጣው። ብርቱካናማ ማሰሪያ፣ የእጅ አንጓን የሚሸፍን ስክሪን፣ ከጎኑ ስድስት ሰባት መለወጫ ማሰሪያ ተደርድሮ። መልሱ አጭር ነው፦ አትግዙት። ጨምራችሁ ኦርጅናል ባንድ (እንደ ሻኦሚ ባንድ 9 ያለ ቀጭን ስማርት አምባር) ግዙ፣ መጨመር ካልቻላችሁ ደግሞ ብሩን ኪሳችሁ ውስጥ ተዉት።

ከዋጋው እንጀምር። አፕል ዋች አልትራ በ2022 እ.ኤ.አ. ገበያ ላይ ሲውል 799 ዶላር ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ዶላር ከ100 ብር በላይ ሆኗል። በደፈናው በ100 እንኳ ብትመቱት 79,900 ብር ይመጣል። ስለዚህ 2,000 ብር «ቅናሽ» ሊሆን አይችልም፣ ጭራሽ ሌላ ዕቃ ነው። ሻጩም ብዙ ጊዜ አይደብቅም። «ኦርጅናል ነው?» ስትሉት «ማስተር ኮፒ ነው ወንድሜ፣ ከኦርጅናሉ አይለይም» ይላችኋል። የሚለይበትን ቀጥሎ እናያለን።

ሜክሲኮ፣ ስታዲየምና አምባሳደር ዙሪያ ካሉት የሞባይል ሱቆች የሚጠየቀው ዋጋ በየሳምንቱ ይቀያየራል። በግምት ግን «አልትራ» የሚባለው ኮፒ ከ1,500 እስከ 2,500 ብር፣ ኦርጅናል ሻኦሚ ባንድ 9 ከ5,500 እስከ 7,500 ብር፣ ያገለገለ አፕል ዋች ኤስኢ ደግሞ ከ20,000 ብር በላይ ነው። ዋጋን ለብቻው አትዩት፣ ለሚያገለግልበት ወር አካፍሉት። 2,000 ብር የወጣበት ኮፒ አምስት ወር ቢቆይ (ከቆየ ደህና ነው) በወር 400 ብር በላ ማለት ነው። 6,500 ብር የወጣበት ባንድ ሁለት ዓመት ተኩል ካገለገለ በወር 217 ብር ገደማ ይመታል። ርካሹ ውድ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው።

ኮፒውን ሱቅ ውስጥ ቆማችሁ ልትፈትኑት ትችላላችሁ። የልብ ምት መለኪያውን ክፈቱና ሰዓቱን ጠረጴዛ ላይ ወይም ግድግዳ ላይ አስደግፉት። 76 ብሎ ከጻፈ፣ ከዚያም የደም ግፊት 118 በ78 ብሎ ከቀጠለ፣ ጠረጴዛው ጤነኛ መሆኑን ነግሯችኋል። አንዳንዶቹ ላይ ከሥር የሚበራው አረንጓዴ መብራት ጌጥ ነው፤ ተመልሶ የሚመጣውን ብርሃን የሚያነብ ነገር የለም፣ ቁጥሩን ፕሮግራሙ ራሱ ያወጣዋል። እውነቱን ለመናገር ኦርጅናሎቹም አልፎ አልፎ በተጠቀለለ ሶፍት ይታለላሉ። ግን ባዶ ጠረጴዛ ላይ የደም ግፊት አይለኩም። ለእርምጃ ቆጠራው ደግሞ ሱቁ በር ላይ በአፋችሁ 100 እየቆጠራችሁ ተራመዱና አወዳድሩ። 95 ወይም 104 ቢል ምንም አይደለም። 140 ካለ ታክሲ ውስጥ ተቀምጣችሁም «ስትራመዱ» ትውላላችሁ።

ከዚህ ሁሉ የሚያሳስበው ግን አፑ ነው። ኮፒው ስክሪኑ ላይ ኪውአር ኮድ ያወጣል፣ እሱን ስካን ስታደርጉ ብዙ ጊዜ ከፕሌይ ስቶር ውጭ የሆነ ኤፒኬ (የአፕ መጫኛ ፋይል) ያወርዳል። አንድሮይድ 13 እና ከዚያ በላይ የሆነ ስልክ እንዲህ ያለ አፕ ኖቲፊኬሽን እንዳያነብ በመጀመሪያ ይከለክላል፣ ማብሪያው ግራጫ ሆኖ አልጫን ይላል። ሻጩ ስልካችሁን ተቀብሎ የአፑ መረጃ ገጽ ውስጥ ይገባል፣ ከላይ ያሉትን ሦስት ነጥቦች ይነካል፣ የተከለከለውን ቅንብር ይፈቅድና «ይኸው ሠራ» ይላችኋል። የሠራው ምን እንደሆነ ልብ በሉ። ማን እንደሠራው የማይታወቅ አፕ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ስልካችሁ ላይ ብቅ የሚለውን ጽሑፍ ሁሉ ማንበብ ይችላል፤ የቴሌብር መልእክት፣ ባንክ የሚልከው የማረጋገጫ ቁጥር፣ ሁሉም አለበት። ባንክ የሚያንቀሳቅሱበት ስልክ ላይ ይህን መፍቀድ የ2,000 ብር ጉዳይ አይደለም።

ብልሽት ሲመጣ ደግሞ መንገዱ የታወቀ ነው። አብዛኛው ኮፒ የሚሞተው በውኃ ወይም በባትሪ ነው። ጀርባው ላይ «አይፒ 68» (ውኃና አቧራ አያስገባም የሚል ምልክት) ተጽፎበታል፣ ውስጡ ግን ጎማ የለም፣ ስክሪኑን የያዘው ቀጭን ሙጫ ብቻ ነው። እጅ ሲታጠቡበት በጠርዙ እርጥበት ይገባል፣ ባትሪው ያብጥና ስክሪኑን ከውስጥ ገፍቶ በአንድ ጎን ያነሳዋል። ስክሪኑ ጠርዝ ላይ ጥፍር የሚያስገባ ክፍተት ካያችሁ ቻርጅ ማድረግ አቁሙ።

ጠጋኙ ከ70 እስከ 80 ዲግሪ በሞቀ ሳህን ላይ ለጥቂት ደቂቃ ያስቀምጠውና በቀጭን ፕላስቲክ ጠርዙን ይከፍታል። እዚህ ላይ ችኩል እጅ ስክሪኑን ከቦርዱ ጋር የሚያገናኘውን እንደ ወረቀት የሳሳ ገመድ ይበጥሰዋል፤ ከተበጠሰ ነገሩ አለቀ፣ ለዚያ ሞዴል ስክሪን ፈልጎ የሚያገኝ የለም። ተርፎ ከተከፈተ ባትሪው ላይ ስድስት አኃዝ ታያላችሁ። 502525 ካለ ውፍረቱ 5 ሚሊ ሜትር፣ ስፋቱ 25፣ ርዝመቱ 25 ማለት ነው። መርካቶ ከተበላሸ የጆሮ ማዳመጫ ሳጥን የወጣ ተመሳሳይ ይገኛል፤ 0.5 ሚሊ ሜትር ከወፈረ ግን ስክሪኑ አይዘጋም። ቀይና ጥቁሯ ሽቦ ተበይዳ፣ ዙሪያው ቢ-7000 ሙጫ ተቀብቶ፣ በላስቲክ ታስሮ አንድ ቀን ሙሉ ማደር አለበት። «አሁኑኑ ውሰዱት» ካሏችሁ ሙጫው አልደረቀም፣ በሳምንቱ ትመለሳላችሁ። የእጅ ዋጋና ባትሪው ሲደመር ከሰዓቱ ዋጋ ግማሽ አያንስም፤ ለዚህ ነው ብዙ ጠጋኞች «ሌላ ብትገዛ ይሻልሃል» የሚሉት። ልክ ናቸው።

ባንዱስ? እሱም ከተሰበረ አይጠገንም፣ አስቀድሞ ይታወቅ። መስታወቱ ከተሰነጠቀ የሚቀይረው የለም። የሚያስመርጠው ቶሎ የማይበላሽ መሆኑ ነው። 5 ኤቲኤም (የ50 ሜትር ጥልቀት የውኃ ግፊት የሚቋቋም) ስለሆነ ዝናብ፣ እጅ መታጠብ፣ ዋና አይጎዳውም። የሞቀ ሻወር፣ እንፋሎትና ሳሙና ግን ጎማውን ስለሚያደክሙት አውልቁት። ባትሪው 233 ሚሊአምፒር ሰዓት ነው፣ ኩባንያው እስከ 21 ቀን ይላል። ስክሪኑ ሁልጊዜ እንዲበራ ካደረጋችሁና ኦክስጅንና ጭንቀት መለኪያውን ቀን ከሌት ከለቀቃችሁት ከግማሽ በታች ይወርዳል። እነዚህን አጥፉና የልብ ምቱን በየ10 ደቂቃው አድርጉት። መብራት ሁለት ቀን ቢጠፋ እንኳ ሰዓታችሁ ትዝ አይላችሁም። አፕል ዋች ኤስኢ ግን ኩባንያው ራሱ የሚናገርለት 18 ሰዓት ነው፤ ማታ መብራት ከሌለ ጠዋት ባዶ አምባር አስራችሁ ትወጣላችሁ።

የባንዱም ኮፒ ሞልቷል፣ ሳጥኑ ሳይቀር ይመሳሰላል። መለያው አንድ ነው፦ ገንዘብ ሳትከፍሉ በራሳችሁ ዳታ ሚ ፊትነስ የሚባለውን አፕ ከፕሌይ ስቶር አውርዳችሁ እዚያው አገናኙት። ኦርጅናሉ በስሙ ይወጣል። ኮፒው አይታይም፣ ሻጩም «ለዚህ ሌላ አፕ ነው ያለው» ብሎ ኪውአር ማሳየት ይጀምራል። ያኔ አመስግናችሁ ውጡ።

እዚያው ሳላችሁ ጓደኛችሁ በአማርኛ «ሰላም ነው?» ብሎ ቴክስት ይላክ። ፊደሉ በትክክል ከወጣ መልካም። አራት ማዕዘን ሳጥን ተደርድሮ ከመጣ ሰዓቱ ላይ የግዕዝ ፊደል የለም፣ በኋላም በቅንብር አይስተካከልም። መልእክቶቻችሁ በአብዛኛው አማርኛ ከሆኑ ይህ ከስክሪን ጥራት በፊት የሚታይ ነገር ነው።

ሌላው ቅሬታ «ሁለት ቀን ሠርቶ ኖቲፊኬሽን አቆመ» የሚለው ነው። ጥፋቱ የባንዱ አይደለም፣ ስልኩ ባትሪ ለመቆጠብ አፑን ይዘጋዋል። ቴክኖና ኢንፊኒክስ ላይ ፎን ማስተር ውስጥ ገብታችሁ አፑ በራሱ እንዲነሳ ፍቀዱለት፣ ከዚያ በስልኩ የባትሪ ቅንብር ውስጥ ገደቡን አንሱለት። ሳምሰንግ ላይ ሁለተኛው ብቻ ይበቃል።

ማሰሪያ ስትገዙ የባንድ 7 ማሰሪያ ለ8 እና ለ9 እንደማይገጥም አትርሱ፣ አያያዙ ተቀይሯል። ርካሽ ማሰሪያ መንጠቆው ላልቶ ባንዱን ታክሲ ውስጥ ያስጥላል፤ አስገብታችሁ ጠበቅ አድርጋችሁ ጎትቱት፣ «ቀጭ» ካላለ አትውሰዱ። ቻርጀሩ የራሱ ስለሆነ ከተቻለ ሁለተኛ አብራችሁ ያዙ፣ ሲከራከሩ ከዋጋው 200 ብር ከማስቀነስ እሱን ማስጨመር ይሻላል። ከጀርባ ያሉት ሁለት ነጥቦች ላብ ሲይዛቸው ይጠቁሩና ቻርጅ እንቢ ይላሉ። አልኮል በነካ የጥርስ ብሩሽ በወር አንዴ ማሸት ይበቃል።

ባንድ ስልክ አያነጋግርም፣ ስፒከር የለውም። ኮፒው ያነጋግራል። ሚኒባስ ውስጥ እጁን ጆሮው ላይ ለጥፎ «ሃሎ! ሃሎ!» የሚለውን ሰው አይታችሁ ከሆነ ያ ጥቅም ምን ያህል እንደሚያዋጣ ታውቃላችሁ።

አይፎን ላለውና ከ20,000 ብር በላይ ማውጣት ለማይከብደው ያገለገለ አፕል ዋች ጥሩ ዕቃ ነው፣ አንድሮይድ ላይ ግን አይሠራም። አደጋው ቁልፉ ነው። ሻጩ ሰዓቱን ብቻ አጥፍቶ አዲስ አስመስሎ ቢሰጣችሁ ስታገናኙት የድሮውን ባለቤት ፓስወርድ ይጠይቃል፣ እሱን ካላገኛችሁ ሰዓቱ ድንጋይ ነው። ስለዚህ ሻጩ በራሱ አይፎን የዋች አፑን ከፍቶ፣ ግንኙነቱን አፍርሶ፣ ፓስወርዱን ፊታችሁ ያስገባ። «ስልኩ ቤት ነው» ካለ ቀጠሮ ያዙ፣ ቀብድ አትስጡ። ይህን ከማስጠፋታችሁ በፊት በሰዓቱ የባትሪ ቅንብር ውስጥ ጤንነቱን እዩ፤ ከ80 ከመቶ በታች ከሆነ የባትሪ ቅያሪውን ከዋጋው አስቀንሱ። ሲሪስ 4፣ 5 እና የመጀመሪያው ኤስኢ በ2024 እ.ኤ.አ. ከወጣው ዋችኦኤስ 11 ጀምሮ አዲስ ሶፍትዌር አያገኙም። አንድ ጊዜ የተከፈተ ሰዓት ደግሞ ሙጫው ምንም ቢያምር ውኃ አታስነኩት። ጋላክሲ ዋች ከ4 ጀምሮ በተቃራኒው አይፎን ላይ አይሠራም፣ ቻርጁም ከአፕሉ ብዙ አይሻልም።

ለእናትና ለአባት «ግፊትና ስኳር ይለካል» ተብሎ የሚገዛው ግን ያናድዳል። ሳምሰንግ እንኳ ግፊት የሚገምተው በየአራት ሳምንቱ በክንድ መለኪያ እየተስተካከለ ነው። ስኳርን በተመለከተ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ቁጥጥር መሥሪያ ቤት በየካቲት 2016 ቆዳ ሳይወጉ ስኳር እንለካለን የሚሉ ሰዓቶችና ቀለበቶችን ማንም እንዳይጠቀም አስጠንቅቋል፤ አንድም የፈቀደው የለም። ሐሰተኛ 120 ያየች እናት መድኃኒቷን ልትተው ትችላለች። በዚያው ብር ላይ ጨምራችሁ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ካሉት የሕክምና ዕቃ መደብሮች በክንድ የሚታሰር መለኪያ ግዙላቸው።

ሰዓት ለማየት ብቻ ለሚፈልግ ካሲዮ ኤፍ-91 አለ። ከ1989 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያው ነው፣ ባትሪው ሰባት ዓመት ይሄዳል፣ ሲያልቅም የመንገድ ዳር ሰዓት ሠሪ ይቀይረዋል።

ባንድ ለገዛችሁ አንድ ነገር ይቀራል። ባንዱ ሰዓቱን ከስልክ ስለሚወስድ ወደ ሀበሻ ሰዓት ብታዞሩት ይመለሳል። የዓለም ሰዓት ገጹ ላይ ቦነስ አይረስን ጨምሩና በ12 ሰዓት አቆጣጠር አድርጉት። ከእኛ ልክ ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ ነው፣ ክረምት በጋ ብሎም አይቀያየርም። ቦነስ አይረስ 2:30 ሲል ቢሮ ገብታችሁ መቀመጥ ነበረባችሁ።