ከላይተር፣ ከፊውዝ ሳጥን ወይስ ከባትሪ? ለመኪና ተጨማሪ ዕቃዎች ኃይል የመውሰጃ መንገዶች ንጽጽር

ካሜራ፣ የጭጋግ መብራት፣ አምፕሊፋየር ወይም የጉዞ ማቀዝቀዣ ለመግዛት ያሰበ ሰው ዋጋና ጥራት ሲያወዳድር ቀናት ያሳልፋል። ዕቃው ከመኪናው ጋር የሚገናኝበትን መንገድ ማሰብ የሚጀምረው ግን ብዙውን ጊዜ ካርቶኑን ከከፈተ በኋላ ነው። ይህ ቅደም ተከተል መገልበጥ አለበት እላለሁ። መካከለኛ ካሜራ በአግባቡ በተዘረጋ መስመር ላይ ለዓመታት ያገለግላል፤ ውዱ ካሜራ በተሳሳተ መስመር ላይ ባትሪ ይጨርሳል፣ ሲብስም ሽቦ ያቀልጣል።

ከመምረጥ በፊት ሁለት ነገሮችን ማወቅ ያስፈልጋል። አንደኛው ዕቃው የሚወስደው አምፔር ነው። በዕቃው ላይ የተጻፈውን ዋት ለ12 ማካፈል በቂ ነው፤ 60 ዋት የሚል ማቀዝቀዣ 5 አምፔር፣ በድምሩ 120 ዋት የሆኑ ሁለት መብራቶች ደግሞ 10 አምፔር ይወስዳሉ። ሁለተኛው፣ ቁልፉ ወጥቶ መኪናው ሲቆም ዕቃው መሥራት አለበት ወይስ የለበትም የሚለው ነው። የሚከተለው ንጽጽር በሙሉ በእነዚህ ሁለት መልሶች ላይ የቆመ ነው።

የላይተር ሶኬት

መፍቻ አይጠይቅም፣ ምልክት አይተውም፣ መኪናው ሲሸጥ ነቅሎ መሄድ ይቻላል። ከኋላው ያለው ፊውዝ አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 20 አምፔር ነው፤ 15 ከሆነ ጣሪያው 180 ዋት ነው ማለት ነው። ለስልክ ቻርጀር፣ ለጎማ መንፊያ ፓምፕና አልፎ አልፎ ለሚሰካ ማቀዝቀዣ ከዚህ የተሻለ ምርጫ የለም።

ድክመቱ መሰኪያው በስፕሪንግ ብቻ ተይዞ መቆሙ ነው። መንገዱ ሲያንገጫግጭ ይላላል፣ የላላ ግንኙነት ደግሞ ይሞቃል። በአንድ ሶኬት ሦስት ዕቃ የሚያሰካውን ማከፋፈያ ለከባድ ዕቃ አትግዙ፤ ቀዳዳው ሦስት ሆነ እንጂ ፊውዙና ሽቦው ያው አንድ ነው። በአንዳንድ መኪኖች ሶኬቱ ከቁልፉ ጋር ይጠፋል፣ በሌሎቹ ሌሊቱንም በሙሉ ኃይል አለው። የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ቁልፉን አውጥቶ ስልክ መሰካት ይበቃል።

ከፊውዝ ሳጥን፣ ባለ ሁለት ፊውዝ ቅርንጫፍ

ለአብዛኛው ገዢ የምመርጠው ይህንን ነው። ቅርንጫፉ በነባሩ ፊውዝ ቦታ የሚሰካ ትንሽ ፕላስቲክ ነው፤ አንዱ ጎጆው ነባሩን ፊውዝ፣ ሁለተኛው አዲሱን ይይዛል፣ ከአዲሱም አንድ ሽቦ ይወጣል። የመኪናው ሽቦ አይቆረጥም፣ አዲሱ ዕቃ የራሱ ፊውዝ ይኖረዋል፣ ከተነቀለ በኋላም ሁሉም እንደነበረ ይመለሳል። ለካሜራ፣ ለመንገድ መሪ መሣሪያ፣ ለፍጥነት ማሳያ፣ በቋሚነት ለሚገጠም የስልክ ቻርጀር ይህ ነው መንገዱ።

ሲገዙ ትኩረት የሚሻው መጠኑ ነው። መደበኛ፣ ሚኒ፣ ዝቅተኛ ሚኒ እና ማይክሮ የሚባሉት ፊውዞች አንዱ በሌላው ቦታ በአግባቡ አይገቡም። ስለዚህ ነባሩን ፊውዝ ነቅሎ ይዞ ሄዶ ማስተያየት ከመገመት ይሻላል። አብዛኞቹ ቅርንጫፎች ለአዲሱ መስመር እስከ 10 አምፔር ብቻ የተሠሩ መሆናቸውንም ልብ ይበሉ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በአቅጣጫው ነው። ፊውዙ ሲነቀል ከሚታዩት ሁለት ቀዳዳዎች አንዱ ብቻ ከባትሪው ወገን ነው፤ በመልቲሜትር (ቮልትና አምፔር በሚለካ መሣሪያ) ሲለካ 12 ቮልት የሚያሳየው እሱ ነው። ሁለቱም ፊውዞች የሚጋሩት የቅርንጫፉ እግር እዚያ መግባት አለበት። ከተገለበጠ ዕቃው ይሠራል፤ ስህተቱን አደገኛ የሚያደርገውም ይህ ነው። የአዲሱ ዕቃ ኃይል መጀመሪያ በነባሩ ፊውዝ ውስጥ ያልፋል፣ ሁለቱም ሸክም አንድ ላይ ይጫንበታል፣ አንድ ቀን ያለምክንያት የተቃጠለ ይመስላል።

ቅርንጫፉን ለመሰካት የሬዲዮ፣ የላይተር ወይም የኋላ መስታወት መጥረጊያ ፊውዝ ይመረጣል። የኤርባግን፣ የፍሬን መቆጣጠሪያን፣ የሞተር ኮምፒውተርንና የነዳጅ ፓምፕን ፊውዝ ማንም ሰው እንዲነካ አልመክርም። የካሜራ ሽቦ በፊት መስታወት ጎን ባለው ምሰሶ ሲወርድም ምሰሶው ውስጥ ኤርባግ ሊኖር ስለሚችል ሽቦው ከኤርባጉ ኋላ ይለፍ፤ ከፊቱ ካለፈ ኤርባጉ ሲከፈት እንቅፋት ይሆናል።

በቀጥታ ከባትሪ፣ በሪሌ

ከ10 አምፔር በላይ ለሚወስድ ማንኛውም ነገር፣ ማለትም ለተጨማሪ የፊት መብራት፣ ለአምፕሊፋየር፣ ለመጎተቻ ዊንች፣ ኃይሉ ከባትሪው መምጣት አለበት። እዚህ ከሚነጻጸሩት አራት መንገዶች ብዙ ሥራ የሚጠይቀው ይህ ነው፤ ዕቃውም ይበዛል። ለመብራት ሪሌ፣ ማለትም በትንሽ ኃይል ታዝዞ ከባዱን ኃይል የሚያበራና የሚያጠፋ ማብሪያ፣ ይጨመራል፦ በ85 እና 86 ቁጥር እግሮች መካከል የምትገኘው የሽቦ ጥቅል የምትወስደው 0.2 አምፔር ገደማ ብቻ ስለሆነ መሪው አጠገብ ያለው ማብሪያ ትንሽ ሊሆን ይችላል፤ ከባዱ ኃይል ከ30 ወደ 87 ያልፋል። ዊንች ግን ተራ ሪሌ የማይችለውን ያህል ስለሚጎትት ከራሱ ጋር የሚመጣውን መቆጣጠሪያና ወፍራም ሽቦ ይፈልጋል።

ገንዘብ የሚገባው እዚህ ላይ ሽቦው ነው። ከላይ ያነሳሁትን 10 አምፔር እንውሰድና የመሄጃና የመመለሻ ሽቦው በድምሩ 4 ሜትር ይሁን። በ1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር መዳብ ግማሽ ቮልት ገደማ መንገድ ላይ ይቀራል፤ በ2.5 ሲሆን ወደ 0.3 ይወርዳል። መብራቱ የደበዘዘ ሲመስል አምፖሉን የሚቀይር ሰው ብዙ ነው፣ ሽቦውን የሚለካ ግን ጥቂት። በርካሽ ጥቅሎች ውስጥ የሚመጣው ሽቦ ብዙ ጊዜ በመዳብ የተለበጠ አልሙኒየም ነው። ጫፉን በቢላዋ ሲፍቁት ውስጡ ነጭ ከሆነ አልሙኒየም ነው፤ ኃይል የማስተላለፍ አቅሙ ከንጹሕ መዳብ ሁለት ሦስተኛ አካባቢ ስለሆነ ወፍራም ቢመስልም እንደ ቀጭን ቁጠሩት።

ፊውዙ በባትሪው አጠገብ፣ ከተቻለ በ20 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ይቀመጣል። ፊውዝ የሚጠብቀው ሽቦውን ነው፤ ዕቃው አጠገብ ከተቀመጠ ከባትሪው እስከዚያ ያለው ሽቦ በሙሉ ጥበቃ የለውም፣ ብረት ላይ ተፍቆ ከነካ ያለ ምንም ገደብ ይግላል። ኔጌቲቩን በተመለከተ፣ በብዙ አዳዲስ መኪኖች የባትሪው ኔጌቲቭ ራስ ላይ ፍጆታን የሚለካ ሴንሰር አለ። አዲሱን ሽቦ እዚያ ራስ ላይ ካሰሩት መኪናው ፍጆታውን አያይም፣ የባትሪውንም ሁኔታ በስህተት ያሰላል። ከዚያ ይልቅ ቀለሙ ተፍቆ በተነሳ የመኪናው ብረት አካል ላይ ማሰር ይሻላል።

በነባር ሽቦ ላይ መቀጠል

ሽቦ ላይ ተጨምቃ የምትያዘው ሰማያዊ የፕላስቲክ መቀጠያ በየጥቅሉ ትገኛለች፣ በደቂቃም ሥራ ትጨርሳለች። አልመክራትም። ምላጯ የሽቦውን ክሮች ትቆርጣለች፣ እርጥበት ታስገባለች፣ ከወራት በኋላ የሚመጣውን ብልሽት ፈልጎ ማግኘትም ከባድ ነው። ከዚህ በላይ፣ በዘመናዊ መኪና የመብራት መስመሮችን የሚከታተል ኮምፒውተር ስላለ ተጨማሪ ሸክም ሲያይ ማስጠንቀቂያ ያበራል፣ አንዳንዴም መስመሩን ያጠፋል። ብርቱካናማ ሽቦ በሃይብሪድና በኤሌክትሪክ መኪና ከፍተኛ ቮልቴጅ ስለሚሸከም ፈጽሞ አይነካም።

መኪናው ቆሞም ለሚቀርጽ ካሜራ

እዚህ ላይ በራሴ ደርሶብኛል። ካሜራዬን ሁልጊዜ ኃይል ባለው ፊውዝ ላይ ቀጥዬ ለአምስት ቀን ሄድኩ፤ ስመለስ መኪናው አልነሳ አለ። ስሌቱ ቀላል ነበር። 0.3 አምፔር የሚወስድ ካሜራ በ24 ሰዓት 7.2 አምፔር ሰዓት ይበላል፤ በአራት ቀን የ60 አምፔር ሰዓት ባትሪ ግማሽ ሊሆን ምንም አይቀረው።

ስለዚህ ቆሞ የመቅረጽ አገልግሎት የሚፈልግ ሰው ቮልቴጁ ሲወርድ ራሱን የሚያቋርጥ የገመድ ጥቅል ይግዛ። ሦስት ሽቦዎች አሉት፤ አንዱ ሁልጊዜ ኃይል ወዳለው ፊውዝ፣ አንዱ ከቁልፉ ጋር ወደሚበራው፣ ሦስተኛው ወደ መኪናው ብረት። ሁለት ቅርንጫፍ ያስፈልጋል ማለት ነው። ሙሉ ባትሪ ሲያርፍ 12.6 ቮልት አካባቢ፣ ግማሽ ሲሆን 12.2 አካባቢ ያሳያል። ስለዚህ የማቋረጫውን ደረጃ መምረጥ የሚያስችለውን ጥቅል ይምረጡና 12.2 ላይ ያድርጉት፤ ባትሪው ካረጀ ወይም ቅዝቃዜ ካለ 12.4። በ11.8 የሚያቋርጠው ረዘም ላለ ጊዜ ይቀርጻል፣ ነገር ግን ሲያቋርጥ ባትሪው አልቋል።

በየትኛውም መንገድ ከተገጠመ በኋላ በኔጌቲቩ ላይ መልቲሜትር አስገብቶ፣ መኪናውን ቆልፎና ግማሽ ሰዓት ጠብቆ ፍጆታውን መለካት ይገባል። ቆሞ የሚቀርጽ ካሜራ ከሌለው፣ ጤነኛ መኪና በዚያ ሰዓት ከ50 ሚሊ አምፔር በታች ይወስዳል። ከዚያ በላይ ካሳየ አዲሱን ፊውዝ ይንቀሉት፤ ቁጥሩ ከወረደ ምንጩ አሁን የገጠሙት ዕቃ ነው።