ፕሌይራይት፦ በተኑን በሚነበበው ጽሑፍ መፈለግ

ባሕር ዳር ላይ ለጀልባ ባለቤቶች የትኬት ገጽ ሠርቻለሁ። ተሳፋሪው ሰዓት ይመርጣል፣ «ወደ ዘጌ» የሚለውን በተን (መጫኛ) ይነካል፣ ይከፍላል። ኮዱን በነካሁ ቁጥር ገጹ አለመበላሸቱን የሚፈትሽልኝ ፕሌይራይት ነው። ማይክሮሶፍት በ2020 እ.ኤ.አ. ያወጣው ነፃ መሣሪያ ነው።

ከሁሉም የወደድኩት ጌትባይቴክስትን (getByText) ነው፤ በተኑን ላዩ ላይ በተጻፈው ቃል የሚፈልግ ትእዛዝ ነው። ድሮ ቴስቶቼ (ገጹን የሚፈትሹት ኮዶች) በተኑን የሚያገኙት በክላስ ስሙ፣ ማለትም መልኩን ለመወሰን ኮዱ ውስጥ በሚሰጠው ስም ነበር። ባልደረባዬ መልኩን ሲያሳምር ክላሱም ይቀየራል። ገጹ ደህና ሆኖ ሳለ ቴስቱ ይወድቃል። ሲኤስኤስ (የገጽ መልክ የሚጻፍበት ቋንቋ) ደግሞ በጽሑፍ የሚመርጥበት መንገድ የለውም። በጽሑፍ የሚመርጠው ኮንቴንስ (:contains) ጄኩዌሪ የሚባለው የጃቫስክሪፕት ላይብረሪ የራሱ ነገር ነው፤ በብሮውዘሩ መፈለጊያ በኩዌሪሰሌክተር (querySelector) ውስጥ ብትጽፉት ኤረር ይመጣል። ስለዚህ በተኖቹን ሁሉ ሰብስቤ፣ የእያንዳንዱን ቴክስትኮንተንት (በውስጡ ያለውን ጽሑፍ) በትሪም ከዳርና ዳሩ ክፍት ቦታ አጽድቼ፣ አንድ በአንድ አወዳድር ነበር። አሁን «ወደ ዘጌ» ብዬ ብቻ እጽፋለሁ። ትርፍ ክፍት ቦታ ቢኖር ራሱ ያስተካክለዋል።

አንዴ «ወደ ዘጌ ደርሶ መልስ» የሚለውንም አብሮ አገኘና ሁለት ናቸው ብሎ ቆመ። የመጀመሪያውን ዝም ብሎ አለመንካቱ ደስ አለኝ። ኢግዛክት (ልክ ይህንኑ ብቻ) የሚለውን ስጨምርለት ተስተካከለ።

ያለቀስኩት በፊደሎቻችን ነው። ገጹ ላይ «የሐይቅ ጉዞ» ተጽፏል። ቴስቴ ውስጥ «የሀይቅ ጉዞ» ብያለሁ። በየሙከራው 30 ሰከንድ ይጠብቅና ይወድቃል። አንድ ሙሉ ከሰዓት ኮዱን ሳገላብጥ ዋልኩ፤ ለዓይኔ አንድ ቃል ነው። ፕሌይራይት የእንግሊዝኛውን ትልቅና ትንሽ ፊደል አይለይም፤ ሀ እና ሐ ግን ለእሱ ሁለት የተለያዩ ፊደሎች ናቸው። ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀም እንደዚያው። መፍትሔው ሬጌክስ (የጽሑፍ መፈለጊያ ቀመር) ነው፤ ሀ፣ ሐ እና ኀን በአንድ ባለማዕዘን ቅንፍ [ ] ውስጥ አስገብቶ ከሦስቱ ማንኛውም ይሁን ማለት። ይህን በራሱ የሚሠራ አጭር ፈንክሽን ጽፌ በሁሉም ቴስት እጠቀምበታለሁ። አማርኛ ገጽ የምትፈትሹ ሁሉ መጀመሪያ ይህን ሥሩ። «ትኬት» እና «ቲኬት» ግን በዚህ አይታረቁም፤ እዚያ ላይ ከቡድናችሁ ጋር በአንድ አጻጻፍ ተስማሙ።

ፕሌይራይት ሲጫን የሚያወርዳቸው ብሮውዘሮች ከባድ ናቸው። ኔትወርክ ከደከመባችሁ ክሮሚየምን (የክሮም መሠረት የሆነውን ብሮውዘር) ብቻ ምረጡ።

ባለፈው ሳምንት አንድ ባለጀልባ «አስገባ የሚለው ለትልልቅ ሰዎች አልገባ አለ፤ ትኬት ቁረጥ በለው» አለኝ። ቀየርኩት፤ ሦስት ቴስቶች ወደቁ። ይህ ውድቀት ልክ ነው፤ ተሳፋሪው የሚያየው ነገር ተቀይሯል። ሐይቁ ዳር ቁጭ ብዬ ያዘዝኩት ማኪያቶ ሳይደርስ ሦስቱንም አስተካከልኩ።