ፍላሽ የሚቀበለው ኮምፒውተር፦ ሊኑክስ ሚንት ከአሥር ወር በኋላ

ስድስት ኪሎ አካባቢ ትንሽ የፎቶ ኮፒና የፕሪንት ቤት አለችኝ። ሦስት ኮምፒውተር፣ ሁለት ፕሪንተር። ደንበኞቼ በብዛት ተማሪዎች ናቸው። የመመረቂያ ጽሑፋቸውን በፍላሽ ይዘው ይመጣሉ። ግንቦትና ሰኔ ላይ በቀን ሃምሳ፣ ስልሳ ፍላሽ እንሰካለን። እያንዳንዱ ፍላሽ እኔ ጋ ከመድረሱ በፊት ስንት ቤት እንደዞረ ማንም አያውቅም።

በጥር 2017 ዓ.ም. ከሦስቱ በአንዱ፣ በአሮጌው ዴስክቶፕ ላይ ሊኑክስ ሚንት 22 የሚባለውን፣ በዊንዶውስ ፋንታ የሚጫን ነፃ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ጫንኩ። ሌላኛው ዴስክቶፕ ዊንዶውስ 10 ላይ ቀረ። ላፕቶፑ ዊንዶውስ 11 ነው። አሥር ወር ሙሉ ጎን ለጎን ስሠራባቸው ከረምኩ። ከቫይረስ አንጻር ያየሁትን ልጻፍ፤ ምክንያቱም ይህ ነገር ብዙ ሰው አስለቅሷል።

እኔንም አስለቅሶኛል። በ2016 ዓ.ም. አንድ የፎቶ ማስተካከያ ሶፍትዌር በክራክ፣ ማለትም ሳይከፈል እንዲሠራ ከሚያደርግ ፋይል ጋር፣ አወረድን። ክራኩ ሲጫን «መጀመሪያ አንቲቫይረሱን አጥፉ» ይል ነበር። አጠፋን። ማታ ላይ የፋይሎቹ ስም ሁሉ መጨረሻው ተቀይሮ አገኘነው። አንዱም አይከፈትም። አንድ የጽሑፍ ፋይል ብቻ ይነበባል፦ 980 ዶላር ክፈሉ፣ በ72 ሰዓት ውስጥ ካናገራችሁን 490 ይሆንላችኋል። ስቶፕ ወይም ዲጄቪዩ የሚባለው፣ በክራክ ተጠልሎ የሚገባ ቫይረስ ነው። አልከፈልንም። የሁለት ዓመት የሠርግ ካርድና የቢዝነስ ካርድ ዲዛይን ግን እዚያው ቀረ።

አሁን ወደ ፍላሹ ልመለስ። የእኛ ሥራ ዋና ጠላት ሾርትከት ቫይረስ ነው። ፍላሹን ስትከፍቱት ፎልደሮቻችሁ የሉም። በምትካቸው ትንሽ ቀስት ያለባቸው ሾርትከቶች ተደርድረዋል። ፋይሎቹ አልጠፉም፤ ቫይረሱ ደብቋቸው ነው። አንዳንዱ ስሙ ባዶ በሚመስል ፎልደር ውስጥ ያጉራቸዋል። ሾርትከቱን ስትጫኑት ፋይላችሁ ይከፈታል፤ ስለዚህ ምንም አትጠረጥሩም። ግን ከፋይሉ ጋር ቫይረሱም ተነስቷል። ኮምፒውተሩ ውስጥ ይቀመጥና ቀጥሎ የሚሰካውን ፍላሽ ሁሉ ይበክላል። ድሮማ መጫንም አያስፈልግም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2008 መጨረሻ የተነሳው ኮንፊከር የሚባል ቫይረስ ከሚዛመትባቸው መንገዶች አንዱ ፍላሽ ሲሰካ በራሱ የሚነሳው አውቶረን ነበር። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2011 አውቶረንን በአፕዴት ለፍላሽ አጠፋው። ዛሬ ቫይረሱ ሰውን አሳስቶ ማስጫን ይጠበቅበታል።

ሚንት ላይ ያ ሾርትከት ሙት ነው። ከኋላው የተደበቀው ፕሮግራም ለዊንዶውስ የተጻፈ ስለሆነ ሊኑክስ ላይ አይነሳም። ደግሞ የተደበቁት ፎልደሮች በአብዛኛው ፊት ለፊት ይታያሉ። ሰኔ ላይ አንዲት ተማሪ እያለቀሰች መጣች። «እትዬ፣ ጽሑፌ ጠፋ፤ ነገ ነው ማስረከቢያዬ» አለችኝ። «አይዞሽ፣ ቁጭ በይ» አልኳት። ሚንቱ ላይ ሰካሁት። ስም የሌለው ፎልደር ውስጥ አምስቱም ምዕራፍ ነበር። ወደ ኮምፒውተሩ ገለበጥኩላት፣ ሾርትከቶቹንና ቫይረሱን አጠፋሁ፣ ጽሑፏን መለስኩላት። አምስት ደቂቃ አልፈጀም። በእነዚህ አሥር ወራት ያንን ዴስክቶፕ አንድ ጊዜ እንኳ ፎርማት አላደረግኩትም። ከዚያ በፊት በየሁለት ወሩ ነበር።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ሚንት ራሱ ባይታመምም በሽታውን ያስተላልፋል። የተበከለውን ፍላሽ እንዳለ ብትመልሱ፣ ደንበኛችሁ ቤቱ ሄዶ ዊንዶውሱን ያስበላል። ስለዚህ ክላምኤቪ የሚባለውን ነፃ አንቲቫይረስ ጭኛለሁ። ፍላሹን ፈትሸን ነው የምንመልሰው። ዋይን የሚባለውን፣ የዊንዶውስ ፕሮግራም ሊኑክስ ላይ የሚያስኬደውን ደግሞ ሆን ብዬ አልጫንኩም። የዊንዶውስ ፕሮግራም የሚያስኬድ ነገር ቫይረሱንም ሊያስኬደው ይችላል።

ዋጋ አስከፍሎኛል ወይ? አዎ። ኒያላ በሚባለው የዊንዶውስ ፎንት የተጻፈ የአማርኛ ጽሑፍ ሚንት ላይ ሲከፈት ፎንቱ ስለሌለ በሌላ ይተካል፤ ገጹም ይንሸራተታል። ሰባ ገጽ የነበረው ሰባ አራት ሆኖ ይወጣል። አሁን ተማሪዎቹን በፒዲኤፍ አምጡ እላለሁ። በወርድ ያመጡትን ሚንቱ ላይ ፈትሼ በኔትወርክ ወደ ላፕቶፑ እልካለሁ። የአማርኛ መጻፊያው ፓወር ግዕዝና የሒሳብ መዝገብ ሶፍትዌሩ ፒችትሪ የዊንዶውስ ናቸው። አማርኛ ሚንት ላይ ለመጻፍ ሌላ ኪቦርድ መልመድ ነበረብኝ። አብሮኝ የሚሠራው ልጅ አንድ ወር ተጨቃጭቆኛል። አሁን ለምዶታል።

ለዊንዶውስም እውነቱን ልናገር ይገባል። ላፕቶፑ በአሥር ወር አንዴም አልተበከለም። ዲፌንደር የሚባለው የዊንዶውስ አንቲቫይረስ አይጠፋም፣ አፕዴቱ አይዘለልም፣ ክራክ የሚባል ነገር አይገባበትም። ዳታ ይበላል ብለን አፕዴት የምንዘጋ ብዙ ነን። ግን ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቀው ዋናክራይ የሚባል ቫይረስ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2017 ከ150 በላይ አገሮችን ሲያምስ፣ ማይክሮሶፍት መጠገኛውን የለቀቀው ከሁለት ወር በፊት ነበር። አፕዴቱን የጫነ ዳነ።

ሊኑክስንም የማይደፈር አድርጌ አላወራም። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2016 የሊኑክስ ሚንት ዌብሳይት ተጠልፎ ነበር። ሰዎች የጀርባ በር፣ ማለትም ጠላፊ በድብቅ የሚገባበት መንገድ፣ የተገጠመለት ሚንት አወረዱ። በዚህ ምክንያት እኔ ሳወርድ የፋይሉን መለያ ቁጥር ከዌብሳይቱ ጋር አመሳክሬ ነው የጫንኩት። በዚያው ዓመት ሚራይ የሚባለው ቫይረስ ሊኑክስ የሚሠራባቸውን የደህንነት ካሜራዎችና ራውተሮች በብዛት ያዘ። የገባው የፋብሪካ ፓስወርዳቸው ባለመቀየሩ ነው። ቤታችሁ ካሜራ ካለ ፓስወርዱን ዛሬውኑ ቀይሩት። ማክም እ.ኤ.አ. በ2012 ፍላሽባክ የሚባል ቫይረስ ሲገባበት ከ600,000 በላይ ኮምፒውተር ተይዟል።

ደግሞ የቴሌግራም ኮዳችሁን ለሚጠይቅ አጭበርባሪ ኮዱን ከሰጣችሁት፣ የትኛውም ሲስተም አያድናችሁም።

የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ሁለተኛው ዴስክቶፕ ደግሞ ፕሮሰሰሩ አሮጌ ስለሆነ ዊንዶውስ 11 አይቀበለውም። ሚንት 22 ግን እ.ኤ.አ. እስከ 2029 አፕዴት ያገኛል፤ 4 ጊጋ ራም ይበቃዋል። ፒችትሪውን ወደ ላፕቶፑ አዛውሬያለሁ። ፋይሎቹን በውጭ ሃርድ ዲስክ ላይ ሁለት ቦታ ገልብጫለሁ። በሚቀጥለው እሑድ፣ ቤቱ ሲዘጋ፣ በዚያ ዴስክቶፕም ላይ ሚንት እንጭናለን።