መብራት ሲጠፋ የሚሰማ ሬዲዮ፦ ዘጠኝ ወር ከሊቲየም ባትሪ ጋር በደብረ ብርሃን

መብራት ሲጠፋ ሰፈሩ ሁሉ «ኤጭ!» ይላል፤ እኔ ወደ ሬዲዮዬ እሮጣለሁ። የአጭር ሞገድ ጠላቶች የጎረቤት ኤልኢዲ አምፖል፣ የቴሌቪዥን አዳፕተርና የስልክ ቻርጀር ናቸው። ሁሉም ባንዴ ሲጠፉ ያ ሹሹታ ዝናብ እንዳባራ የቆርቆሮ ጣሪያ ጭጭ ይላል። በ40 ሜትር ባንድ (7 ሜጋኸርዝ አካባቢ ባለው የአጭር ሞገድ ክፍል) የጫጫታው መለኪያ ከ7 ወደ 2 ሲወርድ በዓይኔ አይቻለሁ። ችግሩ መብራት ሲጠፋ ሬዲዮውም አብሮ መጥፋቱ ነበር።

አስተላላፊ አይደለሁም፤ ለዚያ ፈቃድ ያስፈልጋል። ሰሚ ነኝ። ያለኝ አንድ መቀበያ ሬዲዮ፣ አንድ አሮጌ ላፕቶፕና ከጣሪያችን እስከ ጓሮው ባሕር ዛፍ የተወጠረ ሽቦ ነው።

መጀመሪያ የሞከርኩት ቤት ውስጥ የነበረውን ኢንቨርተር ከመኪና ባትሪ ጋር ነበር። 12 ቮልቱን ወደ 220 ያወጣዋል፣ የሬዲዮው አዳፕተር ደግሞ መልሶ ወደ 12 ያወርደዋል፤ ውኃ ከወንዝ ቀድቶ ዳገት ካወጡ በኋላ እዚያው ወንዝ ዳር እንደማፍሰስ። ብክነቱስ ይቅር፣ ኢንቨርተሩ የሚያወጣው ጩኸት ከሰፈሩ ሁሉ ባሰ። ጸጥታ ፍለጋ ወጥቼ ወፍጮ ቤት ገባሁ።

መስከረም መጨረሻ ላይ 12.8 ቮልት፣ 50 አምፔር ሰዓት የሆነ ሊቲየም አይረን ፎስፌት ባትሪ ገዛሁ። ዋጋው እንደ መኪናው ያለ የአሲድ ባትሪ ሦስት እጥፍ ገደማ ስለነበር ሳምንት ሙሉ አቅማማሁ። ያስወሰነኝ ሒሳቡ ነው። የአሲድ ባትሪ ዕድሜው እንዳያጥር ከግማሽ በታች አይወርድም፤ ይሄኛው ግን አብዛኛውን ይሰጣል። ሬዲዮው 1 አምፔር፣ ላፕቶፑና አንዲት አምፖል አንድ ላይ 3 አምፔር ይስባሉ፤ ሙሉ ባትሪ 12 ሰዓት ያህል ያቆየኛል። ሬዲዮው ያለ ኢንቨርተር በቀጥታ ከባትሪው ይበላል። ከፖዘቲቩ ጫፍ አንድ ስንዝር ሳይርቅ ባለ 15 አምፔር ፊውዝ አስገብቻለሁ፤ ይቺን ትቶ የሚያልፍ ሰው ቤቱን አይወድም።

የታኅሣሥ ውርጭ ግን አስተማረኝ። ባትሪውን ከጓሮ ያለችው የቆርቆሮ ዕቃ ቤት ውስጥ ነበር ያስቀመጥኩት። አንድ ቀን ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ፣ ሣሩ ጨው የተነሰነሰበት መስሎ ሳለ ቻርጀሩን ሰካሁ። ምንም። ፊውዙን አየሁ፣ በቴስተር ለካሁ፣ ሻጩ ጋ ደወልኩ። «ተበላሽቷል፣ አምጣው» አለኝ። ታክሲ ልጠራ ስል 4 ሰዓት አካባቢ ፀሐይ ቆርቆሮውን ስትመታው ራሱ መሙላት ጀመረ። ለካ ይህ የባትሪ ዓይነት ከዜሮ ዲግሪ በታች ሲሞላ ውስጡ ሊቲየም እየጋገረ ይጎዳል፤ ባትሪው ውስጥ ያለው የመቆጣጠሪያ ሰሌዳ በሩን ዘግቶ እየጠበቀው ነበር። ሻጩ ይህን አለማወቁ አናደደኝ። ይህ መከላከያ የሌላቸው ርካሽ ባትሪዎችም አሉ፤ ደብረ ብርሃን ላይ የሚገዛ ሰው መጀመሪያ ይህንን ይጠይቅ።

ሳሎን አስገብቼ በእንጨት ሣጥን ውስጥ በአሮጌ የመንዝ ባና ጠቀለልኩት። ባና ሙቀት አይፈጥርም፣ ያለውን ያቆያል እንጂ። እማዬ አይታ፣ «ለእኔ አዲስ ብርድ ልብስ ሳትገዛ ለባትሪ ባና ታለብሳለህ?» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ግን አንድም ጠዋት አልተቆለፈም።

የማልወደው ነገር ባትሪው ፊት ላይ ያሉት፣ ስንት እንደቀረው የሚያሳዩት አራት መብራቶች ናቸው። ዋሾ ናቸው። የዚህ ባትሪ ቮልት ሊያልቅ እስኪል ድረስ 13 አካባቢ ስለሚቆይ፣ በቮልት ብቻ የሚገምት መለኪያ ሁሌም ብዙ የቀረው ያስመስለዋል። የካቲት ላይ ሦስት መብራት እያሳየ ድንገት ድርግም አለብኝ። አሁን የገባና የወጣውን አምፔር የሚቆጥር መለኪያ አስገብቻለሁ። ቻርጀሩም ራሱ ጫጫታ አለው፤ ገመዱን ጫጫታ በሚያፍን የፌራይት ቀለበት ላይ ብጠመጥመውም ቀነሰ እንጂ አልጠፋም። ስሰማ እነቅለዋለሁ።

ፈቃድ ኖሮት በ100 ዋት የሚያስተላልፍ ሰው የእኔን የባትሪ ሽቦ አሠራር እንዳይኮርጅ። ሲያስተላልፍ 20 አምፔር ገደማ ይስባል፤ ባለ 2.5 ስኩዌር ሚሊ ሜትር ሽቦ በ3 ሜትር ርቀት ደርሶ መልስ 0.8 ቮልት ያህል ይበላበታል። ወፍራም ሽቦ፣ አጭር ርቀት፣ ከተቻለም ባለ 100 አምፔር ሰዓት ባትሪ ይግዛ።

ማታ መብራት ሲጠፋ 7.074 ሜጋኸርዝ ላይ ኤፍቲ8ን (አማተር ሬዲዮኞች በኮምፒውተር አጫጭር መልእክት የሚለዋወጡበትን ዘዴ) ከፍቼ በየ15 ሴኮንዱ የሚወርዱትን የጥሪ ስሞች፣ ማለትም የጣቢያዎቹን መለያዎች፣ ስቆጥር አመሻለሁ። አዲስ አበባ አምስት ኪሎ ያለውን፣ ኢቲ3ኤኤ የሚባለውን የአማተር ሬዲዮ ክለብ ጣቢያ ግን እስካሁን አልያዝኩትም። አዲስ አበባ በመንገድ 130 ኪሎ ሜትር ብቻ ናት፤ በ20 ሜትር ባንድ ሞገዱ በላያችን ዘልሎን አውሮፓ ይወርዳል። በ40 ሜትር ሽቅብ ወጥቶ መልሶ እኛው ላይ የሚወርደው በተለይ ቀን ላይ ነው። ስለዚህ መብራት ቀን ላይ እንዲጠፋልኝ እመኛለሁ፤ እማዬ ምጣድ በምትጥድበት ቀን ባይሆን ይሻላል።